ኢንተርኔትና የሕዝብ ሸንጎ

ባለፈው ጳጉሜን፥ ከፎገራ ሜዳ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ወደ ትምህርታችን ከመመለሳችን በፊት ወንዛዬ ፍልውሃ ወርደን ነበር። ከታጠብን በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሁላችንም በስልካችን ላይ አቀርቅረን ሳለን፥ አንድ የሸመገሉ ገበሬ ትክ ብለው ሲመለከቱን ቆዩና፥ «ልጆቼ፥ ከዚያ ውስጥ ምን አለ?» ብለው ጠየቁን። ከመካከላችን አንዱ፥ «አባቴ፥ ይህ አገር ሁሉ የሚነጋገርበት ሸንጎ ነው፤ ሹም ቢበድል እንወቅስበታለን» ሲል መለሰላቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «እኛ ነገር ሲኖረን ዛፍ ሥር ፊት ለፊት እንቀመጣለን። የሚናገረው ሰው ይታያል፤ ዋሽቶ ቢገኝ ነገ በገበያ የሚያፍርበት ሰው አለ። የእናንተ ሸንጎ ዳኛው ማነው? ዋሱስ ማነው?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ያ ጥያቄ ነው።

እንደሚታወቀው፥ በዚህ አገር ወጣቱ አሳቡን ለሕዝብ ለማድረስ መሣሪያ ሲፈልግ ይህ የመጀመሪያ ጊዜው አይደለም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ በወጡ ጊዜ የነበራቸው የጽሕፈት መኪና፥ ስቴንስልና ማባዣ ብቻ ነበር። አሁን በእጃችሁ የያዛችሁት ወረቀት የተባዛው በዚያው ዘዴ ነው። ወረቀቱ ከአንዱ መኝታ ክፍል ወደ ሌላው እጅ በእጅ ይተላለፍ ነበር፤ ሆኖም ከግቢው አጥር አልፎ ገበሬው ዘንድ የሚደርሰው ከስንት አንዱ ነው። ስለ አራሹ የተጻፈውን አራሹ አላነበበውም።

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ፥ በኋላም ከስልክ ጋር ተዋሕዶ በየኪሳችን ሲገኝ፥ ያ አጥር የፈረሰ መሰለን። ይህ ተስፋ ከንቱ አልነበረም። በ2004 ዓ.ም. ጥቂት ወጣቶች ተሰባስበው «ዞን ዘጠኝ» በሚል ስም ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ዜጋ መብት በኢንተርኔት መጻፍ ጀመሩ። ስሙን ያወጡት ከቃሊቲ ወኅኒ ቤት ነው፤ ወኅኒ ቤቱ ስምንት ዞኖች ስላሉት፥ ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ሁሉ ዘጠነኛው ዞን ነው ማለታቸው ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ከእነርሱ ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ተያዙና በሽብር ተከሰሱ። ከአንድ ዓመት በላይ ከታሰሩ በኋላ ከፊሎቹ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተነሥቶላቸው ተፈቱ፤ የቀሩትም በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። እነዚህ ሰዎች የጻፉት በገዛ ስማቸው መሆኑን ልብ እንበል። ሽማግሌው ዋስ ያሉትን እነርሱ በራሳቸው አካል ከፍለውታል።

ከዚያም በ2008 ዓ.ም. ክረምት በጎንደርና በባሕር ዳር የተደረጉት ሰልፎች በብዛት የተጠሩት በፌስቡክ ነበር። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድና ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ በመሆኗ፥ ቀድሞ ወሬ የሚደርሳት በሾፌርና በነጋዴ አፍ ነበር፤ በዚያ ክረምት ግን ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ገባ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ደግሞ ተዘግተው የነበሩ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ድረ ገጾች ሲከፈቱ፥ ሸንጎው የሕዝብ ሆነ ብለን ተደሰትን።

ነገር ግን ሸንጎ የሕዝብ የሚሆነው ሲከፈት ብቻ ሳይሆን፥ ማን እንደሚዘጋው ሲታወቅ ነው። እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ችግራችን።

የአገራችን የመዝጋት ታሪክ ረጅም ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የስልክ አጭር መልእክት ተዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ቆየ። በሰኔ 2011 በባሕር ዳር የክልሉ ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኰንንና ሌሎች ባለ ሥልጣኖች በተገደሉ ጊዜ ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ለቀናት ጠፋ። በሰኔ 2012 አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘጋ። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ የትግራይ ሕዝብ ሁለት ዓመት ያህል ከኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን ከስልክም ተቋርጦ ኖረ። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፥ ቴሌግራም፥ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል ታገዱ። እነርሱ በተከፈቱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፥ በሐምሌ 2015 መጨረሻ፥ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን፥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በአንዳንድ ከተሞች መመለስ የጀመረው አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል ነው።

ያንን ዓመት ከፎገራ የመጣን ተማሪዎች እናውቀዋለን። የኅዳርና የታኅሣሥ የሩዝ አጨዳ ደርሶ ገበሬው ምርቱን ሲያወጣ፥ ልጁ በስልኩ የባሕር ዳርንና የጎንደርን ዋጋ አይቶ ሊነግረው አልቻለም፤ ስለዚህ ዋጋውን የነገረው ደላላው ብቻ ነበር። የውጭ ትምህርት ዕድል ለመሞላት ቀኑ ያለፈበት ጓደኛችን አለ። ከሁሉም የባሰው ግን ወሬው ነው። «እገሌ ሞተ፥ እገሌ ተያዘ፥ በዚህ ቀበሌ እንዲህ ሆነ» ይባላል፤ እውነቱን አይቶ የሚያስተባብል የለም። እናቶቻችን ያላለቀሱበት ሌሊት ጥቂት ነው። ግጭቱም ቢሆን ኢንተርኔት በመዘጋቱ አልቆመም።

መዝጋቱን የሚደግፉ ሰዎች አንድ ክርክር አላቸው፤ ይኸውም ቤት ሲቃጠል በሩን መዝጋት ነፋሱ እሳቱን እንዳያራግበው ይጠቅማል የሚል ነው። ይህን ክርክር አንንቀውም። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለጋዜጠኞች ኢንተርኔት ውኃም አየርም አይደለም ብለው ነበር። እኛም የርብና የጉማራ ልጆች ስለ ሆንን ውኃ ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። ውኃ ሲሞላ ማሳችንን ያጥለቀልቃል፤ ሲጎድል ሽንኩርታችን ይደርቃል። ስለዚህም በመስኖ በሚያርሱ አገሮች የውኃ አባት ይሾማል። የውኃ አባት ቦዩን ይዘጋል፥ ይከፍታልም፤ ነገር ግን ማን እንደ ሾመው ይታወቃል፤ ለማን ተራ እንደ ሰጠና እስከ መቼ እንደ ዘጋ በግልጽ ይናገራል፤ ቢያዳላ ተጠቃሚው ተሰብስቦ ይሽረዋል። እኛ የምንጠይቀው ቦዩ ፈጽሞ አይዘጋ ብለን አይደለም። የውኃ አባቱ ማነው? በስንት ቀን ይከፍታል? ቢያዳላስ ለማን አቤት ይባላል? ነው የምንለው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው መረጃ የመሰብሰብ፥ የመቀበልና የማሠራጨት ነጻነት እንዳለው ይናገራል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። በሰኔ 2011 ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ሲጠፋ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንኳ አልታወጀም ነበር።

ይህን የጠየቅን እኛ ብቻ አይደለንም። በዚምባብዌ በጥር 2011 ከፍተኛው ፍርድ ቤት፥ ኢንተርኔቱን ያዘጉት ሚኒስትር ይህን ለማዘዝ ሥልጣን አልነበራቸውም ብሎ ፈረደ። በሕንድ በጥር 2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የካሽሚርን ነገር ሲመረምር፥ ኢንተርኔትን ላልተወሰነ ጊዜ መዝጋት አይፈቀድም፤ የመዝጊያውም ትእዛዝ ለሕዝብ መገለጥ አለበት አለ። በሰኔ 2012 ደግሞ የምዕራብ አፍሪካ መንግሥታት ማኅበር ፍርድ ቤት የቶጎ መንግሥት በ2017 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያደረገውን መዝጋት ከሕግ ውጭ ነው ብሏል። እነዚህ አገሮች ችግር የሌለባቸው ስለ ሆኑ አይደለም፤ ችግር ባለበት አገርም ዳኛ ሊኖር እንደሚችል ያሳያሉ እንጂ።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ መንግሥት ነው። በዚህ ብናበቃ ሁላችሁም ታጨበጭቡልን ነበር። የሽማግሌው ጥያቄ ግን ወደ ራሳችንም የሚመለስ ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መአረግ አማረ በገዛ ቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ከመገደላቸው ቀደም ብሎ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው፥ የሚኖሩበትም ሠፈር ከሐሰት ክስ ጋር በፌስቡክ ተሠራጭቶ ነበር። ጥፋታቸው በትውልድ ትግሬ መሆናቸው ነበር። ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ኩባንያውን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2017 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ኩባንያው የሚጠየቅበት ነገር በዚያ ይታያል። እኛ ግን ሌላ ጥያቄ አለን። ያንን ጽሑፍ ያነበበው ሰው ብዙ ነው። ከአንባቢዎቹ መካከል እንደኛ የተማሩ፥ ምናልባትም ከእርሳቸው የተማሩ ነበሩ። ስንቱ ሰው፥ «ይህ ሐሰት ነው፤ እኚህን ሰው አውቃቸዋለሁ» ብሎ በስሙ ጻፈ? ስንቱስ ዝም ብሎ አሳለፈው?

ከወረታ እስከ ባሕር ዳር መንገዱ አጭር ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ነገር አይደለም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፥ «በስም መጻፍ ያሳስራል፤ ስለዚህ ስማችንን መደበቅ ግዴታ ሆኖብናል» ይላሉ። እውነት ነው፤ በዞን ዘጠኝ ሰዎች ላይ የደረሰውን አይተናል። ነገር ግን ሁለት ዓይነት መደበቅ አለ። አንዱ ሹም እንዳያስረው የሚደበቅ ነው፤ ሌላው ጎረቤቱን ሲያስገድል እንዳይታይ የሚደበቅ ነው። የመጀመሪያው ከጉልበተኛ ይሸሻል፤ ሁለተኛው ራሱ ጉልበተኛ ነው። እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ «የሐሳብ ነጻነት» ብሎ መጥራት፥ ወይም አንድ አድርጎ «የጥላቻ ንግግር» ብሎ መክሰስ፥ ሁለቱም ስሕተት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185 ይህን ልዩነት ጠብቆ ቢሠራበት ይጠቅማል፤ ሹምን የነቀፈውን ሁሉ ለመያዝ ቢውል ግን እውነተኛውን ጥላቻ የሚጽፈው ሰው በጭብጨባው መካከል ተሰውሮ ይቀራል።

ሁለተኛው ጥፋታችን ደግሞ ጽፎ መቀመጥን ሥራ አድርጎ መቍጠር ነው። ይህንንም ከገዛ ሰፈራችን በሆነ ነገር እንግለጥ። በአንድ ክረምት፥ ስሙን በማንጠራው አንድ ቀበሌ፥ የማዳበሪያ ዝርዝር በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከእኛ አንዱ ዝርዝሩን በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ በቴሌግራም አሠራጨው። ከሞቱ የቆዩ የሁለት ሰዎች ስም በዝርዝሩ ውስጥ ተገኘ። በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም ሳይቀር ብዙ ሰው ተቈጣ፤ ተሳደበ፤ አዘነ። በቀበሌው ግን ምንም አልተለወጠም። በሳምንቱ ሦስት ገበሬዎች ያንን ፎቶግራፍ ወረታ ልከው በወረቀት አሳተሙትና ወደ ወረዳ ስብሰባ ይዘውት ገቡ። አንደኛቸው ማንበብ ስለማይችሉ ልጃቸው ቆሞ አነበበው። ዝርዝሩ እንደገና ተሠራ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ስልኩ ባይኖር ኖሮ ማስረጃው አይገኝም ነበር። ገበሬዎቹ ባይቆሙ ኖሮ ደግሞ ማስረጃው በስልክ ውስጥ ተቀብሮ ይቀር ነበር። ቃሉን ኢንተርኔት አደረሰው፤ ዳር ያደረሰው ግን ሰው ነው። በውጭ አገር ያሉት ወንድሞቻችን ቍጣ ከልብ መሆኑን አንጠራጠርም፤ ሆኖም ነገ ያንን ሹም በገበያ የሚያገኙት ሦስቱ ገበሬዎች ናቸው፤ ስለዚህ የሚመዝነው የእነርሱ ቃል ነው።

ጎረቤታችን ኬንያም በሰኔ 2016 ዓ.ም. ይህንኑ አሳይታለች። ወጣቶቹ አዲሱን የግብር ሕግ ረቂቅ በመጀመሪያ አነበቡት፤ ወደ ሕዝቡ ቋንቋዎች ተረጐሙት፤ በቲክቶክና በሌላውም አብራሩት፤ ከዚያ በኋላ ወደ አደባባይ ወጡ። ፕሬዚዳንቱም ረቂቁን ሳይፈርሙበት ቀሩ። የሰው ሕይወት ስለ ጠፋበት በደስታ ብቻ የሚነገር ታሪክ አይደለም። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ያስተምራል፤ ንባቡ ከጩኸቱ ቀደመ። ከእኛ መካከል አዋጅ ቁጥር 1185ን አንብቦ የተቃወመ ወይም አንብቦ የደገፈ ስንት ሰው አለ? በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። በዚህ መብት አንድ ማመልከቻ የጻፈ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ።

በመጨረሻም ስለማይሰሙት እንናገር። በፎገራ ሜዳ በጅግናና በሻጋ የሩዝ እርሻ ከተጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የዛሬው ሩዝ አራሽ ብዙውን ጊዜ ተራ ስልክ ነው የያዘው። ለእርሱ 8028 ደውሎ በድምፅ የእርሻ ምክር መስማት ከማናቸውም የኢንተርኔት ክርክር ይልቅ ይጠቅመዋል። ስለዚህ «ሕዝቡ በኢንተርኔት እንዲህ አለ» ስንል፥ «ስልክና ካርድ ያለን እኛ እንዲህ አልን» ማለታችን መሆኑን አንርሳ። በ1957 የነበሩት ተማሪዎች ስለ አራሹ ተናገሩ እንጂ አራሹን አላናገሩትም ብለን ብንወቅሳቸው፥ እኛም ያንኑ ስሕተት በፈጣን መሣሪያ እየደገምነው ነው።

እንግዲህ አሳባችንን በአጭሩ እናቅርብ።

ከመንግሥት የምንጠይቀው ይህ ነው። ኢንተርኔት የሚዘጋበት ሁኔታ በሕግ በግልጽ ይወሰን፤ የሚያዘው ባለ ሥልጣን ይታወቅ፤ ምክንያቱ፥ ቦታውና የቀኑ ብዛት ለሕዝብ ይነገር፤ ትእዛዙም ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚመረመር ይሁን። ከዚህም በቀር የማዳበሪያው፥ የመሬቱና የበጀቱ ዝርዝር በየቀበሌው ግድግዳም በኢንተርኔትም ይለጠፍ፤ ሕዝቡ ዝርዝር ካገኘ ወሬ አያሳድድምና።

ከራሳችን የምንጠይቀው ደግሞ ይህ ነው። ፊት ለፊት ቆመን ልንናገረው የማንደፍረውን ነገር ስለ ሰው አንጻፍ፤ ያላረጋገጥነውንም አናስተላልፍ። ሐሰቱ ከእኛ ወገን ሲመጣ መጀመሪያ የምናስተባብለው እኛ እንሁን፤ የሌላውን ወገን ሐሰት ማጋለጥ ለማንም ቀላል ነውና። በየክረምቱ ወደ አገራችን ስንመለስ አንድ አዋጅ አንብበን በቀላል አማርኛ ለሰፈራችን ሰው እናስረዳ፤ ሰውየው የሚለውንም ጽፈን እናምጣ።

የተማሪዎች ኅብረታችንም ከዚህ አያመልጥም። የኅብረቱ የቴሌግራም ገጽ ማስታወቂያ የሚወጣበት እንጂ ተማሪ መልስ የሚሰጥበት አይደለም፤ የኅብረቱን ሂሳብም በዚያ ገጽ አይተነው አናውቅም። መንግሥትን ግልጽ ሁን የሚል ማኅበር የራሱን መዝገብ ቢገልጥ ቃሉ ክብደት ያገኛል። የሚቀጥለው የኅብረቱ ጉባኤ ይህን በአጀንዳው ላይ እንዲያስገባው እንጠይቃለን። መምህሮቻችንም፥ በተለይ የሕግና የታሪክ መምህሮች፥ የተሳሳትነው ቢኖር በዚሁ ወረቀት እንዲያርሙን በአክብሮት እንለምናለን።

ወደ ወንዛዬው ሽማግሌ እንመለስ። ለሚመጣው ጳጉሜን ምናልባት እንደገና እናገኛቸው ይሆናል። ያን ጊዜ «የሸንጏችሁ ዳኛ ማነው? ዋሱስ ማነው?» ብለው ቢጠይቁን፥ ዳኛው ሕግ እንዲሆን ጠይቀናል፤ ዋሱ ግን እኛው ነን ብለን ለመመለስ እንድንችል ከዛሬ ጀምሮ እንሥራ።